አንዱ ከል፣ ሌላው አመድ፦ ፖሊስተር ቀሚስ ጥቁር አልገባው ያለው ለምንድን ነው?

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያነሳችው ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ የምትኖር ሴት ናት። አያቷ ዐርፈዋል፤ ሰልስቱ አልፏል። ለሐዘን የሚሆን ጥቁር ስላልነበራት ያላትን ሁለት ቀሚስ ነክራ ልትለብስ አሰበች። ቅዳሜ ገበያ ከአንዲት ባለጉልት የዱቄት ቀለም ገዝታ ሁለቱንም በአንድ ብረት ድስት፣ በአንድ ውሃ፣ በአንድ ከሰል ላይ አፈላቻቸው። የጥጡ ቀሚስ ከል ሆኖ ወጣ። ካውያ የማይፈልገው ፖሊስተር ግን አመድ የተነሰነሰበት መሰለ፤ እዚህ ግራጫ፣ እዚያ ነጣ ያለ፣ ብብቱ ሥር ደግሞ ጠቆር ያለ። በሳፋ ስታለቀልቀው ውሃው እየጠቆረ ልብሱ እየነጣ ሄደ። ጥያቄዋ ሁለት ነበር፤ ባለጉልቷ አመድ ቀላቅላ ሸጣልኛለች ወይ? ቀሚሱስ ለአርባው ይደርሳል ወይ? አጻጻፏ ግን ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱን ቀድማ እንደያዘች ያሳብቃል።

38 ምላሽ ተጻፈላት። ጨርቅ ከሚነከርበት ከቀለም ቤት ሥራ ጋር ትውውቅ ስላለኝ ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንዳንዱ ምላሽ የክፍል ትምህርት ይወጣዋል፤ አንዳንዱ የሰው ጊዜ ይበላል። በቅደም ተከተል ልተርከው፤ የማይረባውን በአንድ ትንፋሽ አልፈዋለሁ።

ምላሽ 1፣ 2 እና 3

የመጀመሪያው ለሟች ነፍስ ይማር፣ ለእሷ መጽናናትን ተመኝቶ ሲያበቃ ወዲያው ባለጉልቷን ኮነናት። ከዚያው ገበያ የገዛው ቀለም የእሱንም ሱሪ እንዳበላሸበት፣ በርበሬ እንኳ ባዕድ ነገር እየተቀላቀለበት በሚሸጥበት ዘመን የዱቄት ቀለም ንጹሕ ይሆናል ብሎ ማሰብ የዋህነት እንደሆነ ጻፈ። ሱሪው ከምን እንደተሠራ ግን አልተናገረም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነበር።

ሁለተኛዋ ጨውና አቼቶ ተጨምሮ እንደሆነ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እመለስበታለሁ። ሦስተኛው ሰላምታም ማጽናኛም ሳያስቀድም መልሳ እንድታፈላው አዘዛት። ከአንድ መስመር አይበልጥም።

ምላሽ 4

በዕድሜ የገፉ እናት መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ሦስተኛውን ሰው ገሠጹት፦ ሐዘንተኛ ቤት ገብቶ እግዚአብሔር ያጽናሽ ሳይሉ ስለ ድስት ማውራት ከየት የመጣ ልማድ እንደሆነ ጠየቁት። ጠያቂዋንም መከሯት። ሐዘን በቀሚስ ቀለም ብቻ አይታይም፤ ነጠላውን ጥለቱ ወደ አንገት እንዲሆን አድርጎ መልበስ ድሮም የሚበቃ ምልክት ነበር አሏት። ብዙዎች እትዬ እያሉ አመሰገኗቸው። ሦስተኛው ሰው ዝም አለ፤ ግን እስከ ምላሽ 17 ድረስ ብቻ።

ምላሽ 5

እዚህ ላይ ነው ውይይቱ መልክ የያዘው። ጸሐፊው የኬሚስትሪ መምህር እንደሆነ ተናግሮ ባለጉልቷ ንጹሕ መሆኗን በድፍረት መሰከረላት። ማስረጃው ቀላል ነው፤ ያው ቀለም ያንኑ ቀን የጥጡን ቀሚስ ከል አድርጎታል። አመድ የተቀላቀለበት ቢሆን ጥጡም በገረጣ ነበር።

ከዚያ ወደ ፋይበሩ፣ ማለትም ጨርቁ ወደተሠራበት ቀጭን ክር፣ ገባ። ጥጥ ሴሉሎስ ነው፤ ውሃ ይወዳል። በተራ አየር ውስጥ ተሰቅሎ እንኳ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ እርጥበት ይይዛል። ናይለን 4 በመቶ ገደማ ይይዛል። ፖሊስተር ደግሞ 0.4 በመቶ ብቻ፤ ከጥጥ በ20 እጥፍ ያነሰ። በፓኬት የሚሸጠው የቤት ውስጥ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ለጥጥ የተሠራ ነው፤ ረጅምና ጠፍጣፋ ሞለኪውል ነው፣ ውሃ ውስጥ የሚያሟሟው የሰልፎኔት ጫፍ አለው። ጥጥ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ሞለኪውሉ ይገባና በሴሉሎሱ ሰንሰለት ርዝመት ልክ ይተኛል፤ በሃይድሮጅን ትስስርና በሌሎች ደካማ ስበቶች ተይዞ ይቀራል። ፖሊስተር ለዚህ እንግዳ በር የለውም። ውሃ ካልገባ ውሃ ተሸክሞት የሚመጣው ቀለምም አይገባም። ስለዚህ ቀለሙ የፖሊስተሩ ገጽ ላይ ተለጥፎ ይቆያል፤ ሲለቀለቅ ይሄዳል።

የሁለተኛዋን የጨው ጥያቄም የመለሰው እሱ ነው፤ ትንሽ ቸኮለበት እንጂ። እኔ ላስፋው። ውሃ ውስጥ የገባ ፋይበር ገጹ ላይ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል፤ ጥጥም ይይዛል፣ ፖሊስተርም ይይዛል። የጥጥ ቀለሙም በሰልፎኔቱ ምክንያት ኔጌቲቭ ነው። ሁለቱ ይገፋፋሉ። ጨው ሲጨመር ፖዚቲቭ የሆኑት የሶዲየም አዮኖች መሐል ገብተው ግፊያውን ይሸፍኑታል፤ ቀለሙ ተጠግቶ ደካማዎቹ ስበቶች እንዲይዙት ዕድል ያገኛል። እናቶች ቀለም ሲነክሩ ጭብጥ ሙሉ ጨው የሚጨምሩት በከንቱ አይደለም። ፖሊስተር ላይ ግን ጨው ግፊያውን ቢቀንስም ከተጠጋ በኋላ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ድካሙ ከንቱ ነው።

ምላሽ 6 እና 7

ስድስተኛው መምህሩ የባለጉልቷ ዘመድ ይሆን እንዴ ብሎ አላገጠ። ይለፍ።

ሰባተኛዋ ራሷ ጠያቂዋ ናት። ስታፈላ አንድ አሮጌ ናይለን ስቶኪንግም ድስቱ ውስጥ ጨምራው ነበር፤ እሱ ጠቁሯል። እንደ ጥጡ ባይሆንም ጠቁሯል፤ ሲታጠብም ብዙ አልለቀቀም። ሰው ሠራሽ ከሆነ ናይለንም ሰው ሠራሽ ነው፤ ታዲያ ፖሊስተሩ ምን ሆነ? ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንዲህ አስተውሎ ሲጠይቅ ደስ ይላል።

ምላሽ 8

መምህሩ ይህን ጥያቄ ሲጠብቀው የነበረ ይመስላል። ናይለን በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ አሚን የሚባል ቡድን አለው። ውሃው አሲድ ሲሆን፣ ማለትም አቼቶ ጠብ ሲደረግበት፣ አሚኑ ፕሮቶን ይቀበልና ፖዚቲቭ ይሆናል። ያን ጊዜ ኔጌቲቩ ቀለም ይሳባል። ብዙ የቤት ቀለም ፓኬቶች ውስጥ ከጥጡ ቀለም ጋር ለሱፍና ለናይለን የሚሆን የአሲድ ቀለም ስለሚቀላቀል ስቶኪንጉ ድርሻውን አግኝቷል። ግን የናይለን መያዣ ቦታ የተቆጠረ ነው፤ በአንድ ኪሎ ናይለን ውስጥ ከ0.04 እስከ 0.05 ሞል (የሞለኪውል ብዛት መለኪያ ነው) ገደማ። የበግ ሱፍ በኪሎ 0.8 ሞል ገደማ አለው። ሱፍ ጥልቅ ጥቁር ሲሆን ናይለን ቶሎ የሚጠግበው ለዚህ ነው።

ከዚያ ምሳሌውን አመጣ። ናይለን ባጃጅ ነው፤ ወንበሩ ሦስት ሰው ይይዛል፣ ከሞላ በኋላ መንገድ ዳር መቶ ሰው ቢሰለፍም የሚጨመር የለም። አሜሪካዊው ኬሚስት ላንግሚዩር እ.ኤ.አ. በ1918 ጋዞች በመስታወትና በብረት ገጽ ላይ እንዴት እንደሚያዙ ያሰላው ስሌት ይኸው ነው። ብዙ ባዶ ቦታ ሲኖር ቀለም በጨመርን ቁጥር የሚያዘው ይጨምራል፤ ቦታው እየሞላ ሲሄድ ግራፉ ላይ ያለው መስመር ይጎብጥና ይተኛል። በገጽ ኬሚስትሪ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1932 ኖቤል ተሸልሞበታል።

ከ9 እስከ 13

ጎንደር ውስጥ ሦስት ሰው ብቻ የሚጭን ባጃጅ የት እንደሚገኝ አንዱ ጠየቀ። ሌላው ከፒያሳ እስከ አዘዞ ሾፌሩ ጎን ተቀምጦ እንደሄደ መሰከረ። የባጃጅ ሾፌር ነኝ ያለ ሰው መጥቶ ስለ ቤንዚን ወረፋ ምሬቱን ዘረገፈ፤ እውነቱን ነው፣ ግን ቀሚሱ ተረሳ። እትዬ በ13 ተመልሰው ልጆቹን ወደ ነገሩ ጠሯቸው።

ምላሽ 14

ይህኛው የጨርቃጨርቅ ኢንጂነር ነው፤ ፋብሪካ ቀለም ቤት ውስጥ ሠርቷል። እውቀቱ ሙሉ፣ ምላሱ ስለታም። መምህሩን የመማሪያ መጽሐፍ ከሚያነብ ቀለም ቤት ገብቶ ሽታውን ቢያሸት እንደሚሻል ነገረው። እንዲህ ያለው ንግግር ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም። ነገር ግን ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ በዚህ ውይይት ውስጥ ረጅም ቦታ የምሰጠውም ለእሱ ነው።

መጀመሪያ ያረመው ገጽ የሚለውን አነጋገር ነው። ማቅለም ሦስት እርምጃ አለው። ቀለሙ ከድስቱ ውሃ ተነስቶ ክሩ ድረስ ይጓዛል፤ ክሩ ገጽ ላይ ይያዛል፤ ከገጹ ወደ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ሁለተኛው እርምጃ ፈጣን ነው። ሦስተኛው ከሁሉም የዘገየ ነው፣ የቀለም ቤት ጊዜና ነዳጅ የሚያልቀውም እሱ ላይ ነው። ገጹ ላይ ብቻ የቀረ ቀለም ቀለም አይባልም፤ እድፍ ነው። በሳሙና ይሄዳል፤ ሳይታጠብ ደግሞ አንገትና ነጠላ ላይ ይታተማል። ጥሩ የተነከረ ክር ተቆርጦ በአጉሊ መነጽር ሲታይ መሐሉ ድረስ የቀላ ወይም የጠቆረ መሆን አለበት።

ቀጥሎ ፖሊስተር። ሞለኪውሎቹ ተጠጋግተው የታሸጉ ናቸው፤ በመሐላቸው ውሃ አይገባም፣ ቻርጅ ያለው መያዣም የለም። ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሰንሰለቶቹ እንደ ደረቁ ይቆያሉ። ከዚያ በላይ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፤ ቀለም የሚያሾልክ ክፍተት በበቂ ሁኔታ የሚከፈተው ግን እጅግ ከፍ ባለ ሙቀት ነው። ፋብሪካው የሚሠራው በ130 ዲግሪ፣ በታሸገና ግፊት በሚችል ማሽን ውስጥ ነው። አሲዱም ቀላል ነው፤ በአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም በአቼቶው አሲድ፣ የአሲድነት መለኪያውን፣ ፒኤቹን፣ 5 አካባቢ ያደርጉታል።

ቀለሙም ሌላ ነው። ዲስፐርስ ይባላል። ሞለኪውሉ ትንሽ ነው፣ ሰልፎኔት የለውም፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው በሊትር ጥቂት ሚሊግራም ቢሆን ነው። ስለዚህ አንድ ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ እስኪሆን ይፈጭና በበታኝ ኬሚካል ታግዞ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ይቆያል። የሟሟችው ጥቂቷ ወደ ክሩ ትገባለች፤ የእሷን ቦታ ለመተካት ሌላ ትንሽ ይሟሟል፤ እንዲህ እየተተካካ ይቀጥላል። ክሩ ውስጥ የሚሆነውም መቀመጫ መያዝ አይደለም። ቀለሙ ዘይት ውስጥ ዘይት እንደሚሟሟ ፖሊስተሩ ውስጥ ይሟሟል፤ ውሃው ውስጥ ያለው በእጥፍ ሲጨምር ክሩ ውስጥ ያለውም እስኪጠግብ ድረስ በዚያው ልክ ይጨምራል። የዚህ ግራፍ መስመር ቀጥ ያለ ነው፤ በጀርመናዊው ኬሚስት በነርንስት ስም ይጠራል። የመምህሩ ባጃጅ እዚህ አይሠራም።

ከጻፈው ሁሉ እኔን የሳበኝ የሙቀቱ ጉዳይ ነው። ቀለም ሲያዝ ሙቀት ይለቃል። በኬሚስትሪ ሕግ መሠረት ሙቀት ሲጨምር በመጨረሻው ሚዛን ላይ፣ ማለትም ወደ ክሩ የሚገባውና የሚወጣው ቀለም እኩል ሲሆን፣ ክሩ የሚይዘው ቀለም መቀነስ አለበት፤ ይቀንሳልም። ታዲያ ለምን 130 ዲግሪ? ሚዛኑ ጋ ለመድረስ። በዝቅተኛ ሙቀት ክሩ የበለጠ ይይዝ ነበር፣ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አይጠብቀውም። ጊዜ ለማትረፍ ከመያዝ አቅም ትንሽ ይከፈላል። ብዙ የቀለም ቤት ሠራተኛ በልምድ ያውቀዋል፣ ምክንያቱን የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

ምላሽ 15 እና 16

መምህሩ በጨዋነት ተቀበለው፤ አልተቆጣም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ በር ከሌለ ግራጫውስ ከየት መጣ? ኢንጂነሩም፣ ትንሽ በርዶለት፣ መለሰ። ጨርቁ ላይ የቀረ የማለስለሻ ቅባት፣ የሰውነት ላብና ወዝ፣ ሳይሟሟ የተጓጎለ ቀለም፣ እነዚህ ሁሉ ገጹ ላይ ቀለም ይይዛሉ። ብብቱ ሥር ለምን እንደጠቆረ ከዚህ ይገባል። ዝንጉርጉር የሆነውም ለዚሁ ነው፤ እድፍ እኩል አይተኛም።

ከ17 እስከ 22

ሦስተኛው ሰው ተመለሰ። 70 እና 80 ዲግሪ ላይ የሚፈታ ከሆነ የፈላ ውሃ 100 ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብታፈላው ለምን አይገባም? ትዕቢቱን ትተን ጥያቄውን ካየነው የዋዛ አይደለም።

18ኛው፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማራኪ ግቢ ተማሪ ይመስለኛል፣ አንዲት ነገር ወረወረ፤ ጎንደር ውስጥ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ የእኛ ድስት በ93 ዲግሪ ገደማ ይንተከተካል። ከሰል ቢጨመር፣ እሳቱ ቢንቦገቦግ፣ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ አይዘልም። ፖሊስተር ከሚፈልገው 130 ጋር ያለው ልዩነት በባሕር ዳርቻ ከተማ 30 ሲሆን እዚህ 37 ነው። በ93 ዲግሪ ቀኑን ሙሉ ማፍላት የሚጨምረው ነገር ቢኖር የከሰል ወጪ ነው፤ ድስቱ ውስጥ ያለው የጥጥ ቀለም ደግሞ በ130ም ቢሆን አይገባም።

ሁለት ሰዎች ይህን አላመኑም። አንዷ ግን ሽምብራና ባቄላ መተማ ወርዳ ስትቀቅል ከጎንደሩ ፈጥኖ እንደሚበስልላት ጻፈች። ከዚያ ወሬው ወደ ሽሮ ዞረና ለአፍታ ጣፈጠ።

ፕሬዠር ኩከር ይሁንበት የሚል ሐሳብ በ21 መጣ። ኢንጂነሩ ይህን ጊዜ የተቆጣው በሚገባው ቦታ ነው። በባሕር ጠለል 120 የሚደርሰው የቤት ኩከር ጎንደር ላይ ከዚያም ያንሳል፤ ጨርቅ የእንፋሎቱን መውጫ ሊደፍን ይችላል፤ ቀለም የተነከረበት ድስት ደግሞ ዳግም ምግብ አይቀርብበትም። ድሮ ፋብሪካዎች ፖሊስተርን በተራ ፈላ ለማቅለም ክሩን የሚያላላ ካሪየር የሚባል ኬሚካል ይጠቀሙ እንደነበር፣ ሽታውም መርዝነቱም የሚያስጠላ ስለሆነ ቤት ውስጥ ማንም እንዳይሞክረው አስጠነቀቀ። በዚህ ላይ አንድም ቃል አልጨምርም።

ምላሽ 23

ታሪክ ወዳድ። የዲስፐርስ ቀለም ለፖሊስተር እንዳልተፈጠረ አስታወሰ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሲቴት የሚባል ጨርቅ ገበያ ላይ ሲወጣ የጥጡም የሱፉም ቀለም አልይዘው ብሎ አስቸግሮ ነበር፤ ዲስፐርስ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ፖሊስተር በእንግሊዝ አገር በዊንፊልድና በዲክሰን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው፤ ቀለሙ ቀድሞ ተወልዶ ጠበቀው። ማንም አልመለሰለትም፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

ከ24 እስከ 27

ፒያሳ ቲሸርት የሚያትም ልጅ ገባ። እሱ 130 ዲግሪ ምኑም አይደለም፤ በሙቀት ተጭኖ የሚያትመው ማሽኑ፣ ሂት ፕሬሱ፣ 200 ዲግሪ ገደማ ነው። ወረቀት ላይ የታተመው ቀለም ዲስፐርስ ነው። ወረቀቱ ቲሸርቱ ላይ ተደርጎ ለአንድ ደቂቃ ላልሞላ ጊዜ ሲጫን ቀለሙ ሳይቀልጥ ከጠጣርነት በቀጥታ ወደ ትነት ይለወጥና ፖሊስተሩ ውስጥ ይገባል፤ ሲበርድ በሩ ይዘጋበታል። ደንበኛ የጥጥ ቲሸርት ይዞ ሲመጣ የሚመልሰው ለዚህ ነው፤ ጥጥ ላይ ቢያትምለት በሁለት እጥበት ይደበዝዛል። የሴራሚክ ኩባያ ላይ የሚታተመውም ኩባያው አስቀድሞ በፕላስቲክ ሽፋን ስለተቀባ ነው። ጥቁር ፖሊስተርን በጋለ ካውያ የተኮሰ ሰው የካውያ ጨርቁ ላይ ጥላ ያየ እንደሆነ ያው ትነት ነው።

25ኛው ማስታወቂያ ነው ብሎ ጮኸ። ስድብ ተለዋወጡ፤ የመድረኩ አስተዳዳሪ ሁለቱንም አስጠነቀቀ። ልጁ በ27 ተረጋግቶ መጣና ገበያ እየፈለገ እንዳልሆነ ራሱ አስመሰከረ፦ ቀሚሱን ላትምልሽ ብልሽ አላሳምረውም አላት። ማሽኑ 40 በ60 ሳንቲሜትር ነው፤ ሙሉ ቀሚስ ላይ ጥቁር ቢጫን በየስፌቱና በየእጥፋቱ ነጭ መስመር ይቀራል።

ምላሽ 28

የሸማኔ ልጅ ናት፤ ራሷም ልብስ ትሰፋለች። ፎርሙላ አልጻፈችም። ጠያቂዋን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት፦ ያ ከል ሆኖ የወጣው የጥጥ ቀሚስ፣ ስፌቱ ምን መሰለ?

ጠያቂዋ እዚያው ሥር መለሰች። ስፌቱ ነጭ እንደሆነ ቀርቷል፤ እንዲያውም ጥቁሩ ላይ ያፈጥጣል።

ልብስ ሰፊዋ የምታውቀውን ነበር የጠየቀችው። የዛሬ መስፊያ ክር አብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ ጥጥ ልብስ የነከረ ሁሉ ይህን ያያል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የባለጉልቷ ንጽሕና የተረጋገጠው እዚህ ላይ ነው። ያው ቀለም፣ ያው ውሃ፣ ያውም አንድ ልብስ ላይ፣ ከጥጡ ጋር ተጠላልፎ የተሰፋ ክር ነጭ ሆኖ ቀረ። መምህሩና ኢንጂነሩ ገጽ ሙሉ የጻፉትን ያቺ ስፌት ታሳያለች።

ከዚያ መለያውን አስተማረች። ከልብሱ እጥፋት ውስጥ አንድ ክር ተመዝዞ በመቆንጠጫ ተይዞ ይለኮሳል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ከእሳቱ ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ጠንካራ ጠጠር ይሠራል። የሹራብ አክሪሊክ ፈጥኖ ይነድዳል፣ ጥቁርና ተሰባሪ እብጠት ይተዋል። የበግ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ቅይጡ ሁለቱንም ያሳያል። ክሩን ሳትለኩሱ ቀለም አትግዙ የሚለው ምክሯ ከሁሉ በላይ ተወደደላት።

ከ29 እስከ 31

አንድ ሰው ያን ጥቁር ውሃ የት እንደደፋችው ጠየቀ፤ አጠያየቁ የፖሊስ ነው። ቀሃ ወንዝ ስንቱን እንደሚሸከም፣ ጥምቀት ሲደርስ የፋሲለደስ መዋኛ የሚሞላውም በዚያው ውሃ እንደሆነ ዘረዘረ። ቁጣው አለቦታው ቢሆንም ጉዳዩ እውነት ነው፤ ክሩ ያልያዘው ቀለም ሁሉ ቦይ ይገባል፣ የጥጥ ቀለም ደግሞ በቀላሉ እንዳይፈርስ ተደርጎ የተሠራ ነው። መምህሩ የተደቆሰ ከሰል ቀለምን ገጹ ላይ እንደሚይዝ፣ ውሃውን በእሱ አሳልፎ መድፋት እንደሚሻል ጠቆመ። የምድጃ ከሰል በፋብሪካ ከሚዘጋጀው አክቲቬትድ ካርቦን በገጽ ስፋት እጅግ ያንሳል፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። እትዬ ደግሞ ሐዘንተኛን በወንዝ መክሰስ ነውር ነው ብለው ዘጉት።

ከ32 እስከ 38

ጠያቂዋ ውሳኔዋን ነገረችን። ፖሊስተሩን በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግማ አጥባ የሚለቀውን እንዲለቅ ታደርጋለች፤ ለአርባው የጥጡን ትለብሳለች፣ በላዩም ነጠላ። ነጩን ስፌት ልብስ ሰፊዋ በጥቁር ክር እንድትደግመው ልትወስድላት ነው። ስለ ባለጉልቷ የጻፈችውን ከላይ አስተካክላዋለች።

ከደባርቅ አንዱ ሹራብ ቢነክርስ ብሎ ጠየቀ። ሹራቡ አክሪሊክ ከሆነ ተስፋ አለው፤ አክሪሊክ ውሃ ውስጥ 80 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈታል፣ ደባርቅም ውሃው እዚያ ይደርሳል። ግን የሚፈልገው ቤዚክ የሚባለውን ፖዚቲቭ ቀለም ነው፤ የአክሪሊኩ ጫፎች ኔጌቲቭ ስለሆኑ እንዲያውም ሲበዛ ይሻማሉ። ስለዚህ ከ80 በኋላ ሙቀቱ በጣም ቀስ ብሎ መጨመር አለበት፤ አለዚያ መጀመሪያ የነካው ጠቁሮ ሌላው ይገረጣል። ኢንጂነሩ ይህን ያለ ምንም ስድብ መለሰ።

መጨረሻ የመጣው ጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ የደበዘዘ የደንብ ልብስ ሱሪ አለው። ምልክቱ ላይ 65 በመቶ ፖሊስተር፣ 35 በመቶ ጥጥ ይላል። የገበያው ቀለም ጥቁር ያደርገዋል ወይ? ኢንጂነሩ ቀለሙን የሚቀበለው ጥጡ ብቻ እንደሆነ፣ ፖሊስተሩ እንዳለ ስለሚቀር ከቅርብ ሲታይ ጥቁርና ነጣ ያለ ክር የተቀላቀለበት ግራጫ እንደሚሆን ነገረው፤ ባይሞክረው ይሻላል አለ። ሰውየው በ38 አመስግኖ፣ ለካ ባለፈው እሑድ ነክሮት ኖሯል፣ የተባለው ግራጫ ሆኖ እንደወጣና እንደወደደው፣ ጓደኞቹም የት እንደገዛው እየጠየቁት እንደሆነ ጻፈ።